ኩል የተኳለው አውራ በግ

በቴሳዋ የከብት ገበያ ደላላው ላዋሊ የማያውቀው በግ የለም ይባላል። ወሬውን ግማሽ ያህሉን ያሰራጨው ራሱ ላዋሊ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም እጁ አይዋሽም ነበር። ሽንጡን በሁለት ጣት ቆንጠጥ፣ ፍርምባውን ከሥር መዘን ያደርግና፣ "ይሄ ሥጋ ነው፤ ያኛው ጨው ልሶ ውኃ የጠጣ ሆድ ነው" ብሎ ይፈርዳል። ጨው ያስላሰው ነጋዴ አኩርፎ በጉን እየጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ነው ገዥም ሻጭም እሱን ፍለጋ የሚመጣው።

በግ ማወቅና ገበያ ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ላዋሊ ይህን ዘንድሮ ተማረ፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈለችው ግን እህቱ ናት።

ታናሽ እህቱ ደሉ፣ ባሏ ሊቢያ ሄዶ ከቀረ ወዲህ፣ አንድ አውራ በግ ግቢዋ ውስጥ አስራ ስታደልብ ከረመች። እሷ ጦሟን ብታድር በጉ የቦሎቄ ሐረጉና የማሽላ ፉርሽካው አይጓደልበትም። በሳምንት አንድ ቀን በሳሙና ታጥበዋለች። ልጇ ሃሲያ ከዓረፋ በኋላ ትዳራለች፤ አልጋዋን፣ እስከ ጣራ የሚደረደረውን ሳህንና ድስት የምታሟላው ደግሞ እናት ናት። ባዶ ክፍል የገባች ሙሽራ የአማቶቿን ምላስ ዕድሜ ልኳን ስትሰማ ትኖራለች። ደሉ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እሷም ባዶ ክፍል ነበር የገባችው።

ከበዓሉ ገበያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የካኖ ነጋዴዎች ከናይጄሪያ ድንበር ተሻግረው፣ የጭነት መኪናቸውን ይዘው መጥተው ነበር። አንዱ ለደሉ በግ ደህና ዋጋ ጠራ። ልትሸጥ ስትል ላዋሊ ክንዷን ያዘ።

"ቆይ! ምን ያስቸኩልሻል? በዓሉ ሲደርስ በግ ወርቅ ነው።"

"ያያ፣ የተገኘውን ብንይዝ አይሻልም?" ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ነው የምትጠራው።

"ደላላው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! በሳምንቱ የናይጄሪያ ገንዘብ ወደቀ፤ መኪኖቹም እንደወጡ ቀሩ። ከበዓሉ በፊት ባለው የመጨረሻ ገበያ በጉ ከሰው በለጠ።

ደሉ አረፋፍዳ መጣች። አውራ በጉ ጀርባው ሂና ተቀብቷል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ኩል ተኩለዋል። ላዋሊ ሽንጡን ቆነጠጠ፤ እንዲህ ያለ ሽንጥ ዘንድሮ እጁ አልገባም። ደስ ብሎት በግራው በኩል ዞረ። በጉ ዞር ብሎ አላየውም። እጁ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ግን በርግጎ ዘለለ። ላዋሊ አጎነበሰ። ከኩሉ መሐል፣ የግራ ዓይኑ ብሌን ላይ፣ ስስ ነጭ ነገር ጋርዶታል።

"ደሉ።"

"አቤት ያያ።"

"ይሄን ዓይን ምን ነካው?"

"ኩል ነው።"

"ስለ ኩሉ አልጠየቅኩሽም።"

ደሉ ግራ ቀኝ አየች። "ገመዱን በጥሶ ከጎረቤት በግ ጋር ተዋጋ" አለች በሹክሹክታ። "ያኔ ብሸጠው ኖሮ ግን ካኖ ገብቶ ነበር።"

ላዋሊ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዓይኑ የጠፋ በግ ለዓረፋ አይታረድም። ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። ሥጋ ነጋዴው ግማሽ ዋጋ እንደሚሰጠኝም አውቃለሁ። ለልጄ ግማሽ አልጋ ልግዛላት?"

በዚህ መሐል ከኋላው ሳቅ ተሰማ። የሰፈሩን ልጆች ቁርዓን የሚያስተምሩት ሽማግሌው መምህር፣ ማላም ኢሮ ናቸው። ላዋሊ ደላላ ከሆነ ጀምሮ የበዓል በጋቸውን በሌላ ሰው እጅ ገዝተው አያውቁም። ከተማሪ ወላጆች የሚያገኟትን ሳንቲም ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅሙና እሱ ዘንድ ይመጣሉ።

"ላዋሊ! ዘንድሮስ የቷን አጨህልኝ?" አሉ። አውራ በጉን ሲያዩ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። "ኧረ ይሄ ለራሱ ሠርግ የሚሄድ ነው! ባለቤቴ እንኳ እንዲህ አምሮባት አያውቅም። እንዳትነግርብኝ ብቻ።"

አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። ላዋሊ በበጉ ግራ በኩል ቆሟል፤ ሰፊው ቀሚሱ የበጉን ፊት በዚያ በኩል ሸፍኖታል።

"ይዩት እንጂ ማላም" አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌው ራሳቸው አይተው ቢያገኙት ይገላገል ነበር።

"ምኑን ነው የማየው? አንተ አይተኸው የለ? እኔ በግ መቼ ገዝቼ አውቃለሁ? የምገዛው አንተን ነው።"

አንድ እርምጃ ፈቀቅ ቢል ይበቃ ነበር። ላዋሊ የእህቱን ፊት አየ። "ቆይ" ያላት እሱ ነው፤ ዕዳው የእሱ ነው። ግን ዕዳውን በማን ሊከፍለው ነው? ይህን እያወቀ አፉ ቀደመው።

"እንከን የለውም፣ ማላም።"

ማላም ኢሮ አልተከራከሩም። ገንዘቡን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ፤ በጉን እያሞገሱ ይዘው ሄዱ። ደሉ ገንዘቡን ሽርጧ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ወንድሟን ቀና ብላ ሳታየው "አላህ ይስጥልኝ" አለችው። ላዋሊ የድለላውን አልቀበልም አላት። የድለላ ገንዘብ ባለመቀበል ኃጢአት የሚቀልለት መስሎት ነው፣ ሞኝ!

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላ አለው። ሚስቱ ስትጠይቀው ራሴን አመመኝ ይላታል። ማላም ኢሮ ቤት ድረስ ሄዶ ሊነግራቸው ሁለቴ ተነሳ፤ ሁለቴም ከመንገድ ተመለሰ።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ማላም ኢሮ ራሳቸው መጡ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ውኃ ጎንጨት አሉ። ቀልድ አልነበራቸውም።

"ልጆቹ ናቸው ያወቁት" አሉ። "ፉርሽካ ከቀኝ ሲያሳዩት ይመጣል፤ ከግራ ሲያሳዩት ዝም። ፊቱን ቢያጥቡት ጊዜ..."

ላዋሊ አንገቱን ደፋ።

"ጎረቤት ተሰበሰበ። 'ላዋሊ ነው የሸጠልዎ?' አሉኝ። 'ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳስገባው የበሩ ብረት ዓይኑን ወጋው' አልኳቸው።"

"ማላም፣ ለምን እንዲህ አሉ?"

"ነገ የሶላቱ ሜዳ ላይ ስምህ ሲብጠለጠል እንዳይውል ብዬ ነዋ። አንተም ልጆች አሉህ።" ሽማግሌው ውኃውን አስቀመጡ። "ግን ልጆቹ ፊት ዋሸሁ። አትዋሹ ብዬ የማስተምራቸው እኔ ነኝ።"

ላዋሊ እንባው መጣ። "እህቴ ናት እኮ ማላም፣ ልጇን..."

"ምክንያቱን አልጠየቅኩህም።"

ላዋሊ ተነሳ። ግቢው ጥግ የራሱ ቤት የበዓል በግ ታስሯል። ገመዱን ፈታና እየሳበ አመጣው። "ይሄን ይውሰዱ። ይለፈን፣ እኛ ዘንድሮ አናርድም። ጤነኛ ነው፣ ወላሂ! ከግልገልነቱ እኔው ነኝ ያሳደግኩት።"

ማላም ኢሮ በጉን አዩ፣ ቀጥለው ላዋሊን አዩ። እምቢ የሚሉ መስሎት ነበር። እምቢ አላሉም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ አቧራው ላይ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን በበጉ ቀኝ ዓይን ፊት አወዛወዙ፤ ቀጥሎ በግራው። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ቆጠሩ። ጆሮዎቹን ገለጡ። ቀንዶቹን ነቅነቅ አደረጉ። እግሮቹን አንድ በአንድ አነሱ። የአሠራሩን ወግ አያውቁትም፣ በግ መርምረው አያውቁማ፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ላዋሊ እስኪጨርሱ ድረስ በጉን ይዞላቸው ቆመ።