ተቃራኒውስ?

ታቢታ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስትል የአባቷ እጅ ቀደማት።

«ምን ይላል?» አሉ አቶ ማርቆስ።

«እንግሊዝኛ ነው አባዬ።»

«ታዲያ አንቺን ያስተማርኩሽ ለመቼ ነው?»

ክሊኒኩ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ቅድም ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ለሳቸው አሁን አትንገሪያቸው፤ ዘመድ ተሰብስቦ ቀስ ብላችሁ» ብሏታል። ወጉም ይኸው ነው፤ ክፉ ወሬ ባለቤቱ ጆሮ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ከአንገታቸው እባጭ በተወሰደው ናሙና ውጤት ላይ አንድ ቃል ተሰምሮበታል፦ ማሊግናንት። ክፉ፣ የሚዛመት። ታቢታ የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ቅጽል ስታስተምር ትርጉሙንም ተቃራኒውንም ታስጽፋለች። ልማዱን ያስያዟት እኚሁ እንግሊዝኛ የማያውቁ አናጢ አባቷ ናቸው። ልጅ ሳለች ቱላ ከተማ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታቸው ደብተሯን ገልጠው፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ «ትርጉሙ? ተቃራኒውስ?» ይሏት ነበር። መልሱን የት ያውቁታል! የሚያርሙት ፊቷን ነበር፤ ስትሳሳት ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ማሊግናንት ነው የሚለው» አለች። «ደህና ነው ማለት ነው፤ የማይዛመት። በመድኃኒት ይጠፋል።»

«ጌታ ይባረክ!» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ተቃራኒውስ?»

ታቢታ አፏን ከፈተች። ተቃራኒው ቢናይን ነው፤ የማይዛመተው፣ ሰው የማይገድለው። ያን ደግ ቃል ክፉ ነው ብላ ልትነግራቸው አልቻለችም።

«ተይው» አሉ አቶ ማርቆስ። «ከንፈርሽን ልትበዪው ነው።»

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ!» ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ወይ ልጅነት! ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቷትም አባቷን መሸንገል አልሆነላትም።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። ሐኪሙ ለብቻሽ ሲጠራሽ ጠርጥሬ ነበር።» ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ የሚያልፉትን ባጃጆች ያያሉ።

ስልኳ ጠራ። እናቷ ካሰች ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትደውል ይህ አራተኛዋ ነው።

«ለሷ ቅድም ያልሽኝን በያት» አሉ አባቷ። «ደህና ነው በያት። እሷ ይህን አትችለውም።»

«ቤት ስንገባስ? ያንተን ፊት አታየውም?»

አርባ ዓመት አብራቸው የኖረች ሚስት ናት። አቶ ማርቆስ ወረቀቱን ደረት ኪሳቸው ከተቱና ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወስደው ራሳቸው አነሱት።

«ካሰች፣ መጣን። የትም እንዳትወጪ፤ እኔው የምነግርሽ አለ።»