ሳይቀመጡ የሚነገር ጉዳይ

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ባለ ሃያ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ሱፐር ነኝ። ሱፐር ማለት ቧንቧ ሲፈስ፣ ሊፍት ሲቆም፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ የሚጠራ ሰው ነው። ሊፍቱን የሚጠግን ሌላ ሰው አለ፤ እኔ የምጠራው የሚቆጡት ሰው እንዲያገኙ ነው።

ጸዮን አሥራ አንደኛ ፎቅ ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ ናት። ዶክትሬቷን ይዛለች፣ ፕሮፌሰር ግን ገና አልሆነችም፤ ፖስትዶክ ይሏቸዋል። እንደ እጮኛ ነው፤ ቀለበቱ አለ፣ ሰርጉ የለም።

የምታጠናው ጨው ነው። ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በመኪና ጎማ ተጣብቆ ምድር ቤት ፓርኪንጋችን ይገባል፤ ከዚያ ኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ብረቱን ይበላል። እኔ ይህን ጨው ሃያ ዓመት ጠርጌዋለሁ፤ እሷ መድኃኒት ፈለገችለት። ብረቱ መዛግ ሳይጀምር አስቀድማ የምትናገር፣ አውራ ጣት የምታክል መሣሪያ ሠራችና በባለቤቶቹ ፈቃድ የእኛ ምሰሶዎች ላይ ሞከረቻት። መሣሪያዋ ምሰሶ አሥራ አራት ታሟል አለች።

«ይሄ ምሰሶ ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው» አልኳት።

ሲከፈት ብረቱ በርበሬ መስሏል። ከዚያ ወዲህ የራሴንም ጤና መጠራጠር ጀምሬአለሁ።

ውሏ ሚያዝያ ላይ ያበቃል። ዩኒቨርሲቲው ለጀማሪ ተመራማሪዎች አንድ ቦታ አውጥቶ ነበር፤ ሦስት ዓመት፣ የራስ ላቦራቶሪ፣ የራስ ጥናት። ካገኘች መሣሪያዋን ትጨርሳለች። ካላገኘች ሻንጣዋን ጠቅልላ፣ ሌላ ከተማ፣ የሌላ ሰው ላቦራቶሪ ገብታ የሌላ ሰው ሐሳብ ታገለግላለች። ለመጨረሻው ኢንተርቪው አራት ሰዎች ቀርተዋል፤ አንዷ እሷ ናት። ዐሥር ደቂቃ ስለ ሥራዋ ትናገራለች፣ ከዚያ ጥያቄ ይመጣል።

እንዲህ ያሉትን ልጆች ለእንዲህ ያለው ቀን የምታዘጋጅ ሚስ ፓትሪስ የምትባል ሴት ዩኒቨርሲቲው ቀጥሯል። እዚሁ ከተማ ኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ያደገች ጃማይካዊት ናት። ጸዮንን አንድ ጊዜ አለማምዳት አልሆነላትም መሰለኝ፣ ሁለተኛውን ልምምድ ሙያውን በማያውቁ ሰዎች ፊት እናድርገው አለች። ጸዮን ምንም የማያውቁ ሰዎች ስታስብ እኔና አቶ ገብረክርስቶስ ትዝ አልናት።

አቶ ገብረክርስቶስ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ የሰማንያ ዓመት ሰው ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። የቶሮንቶ ሐበሻ ልጁን ሊድር ሲል ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው እሳቸውን ነው። ሠላሳ አንድ ቤት ሄደው ሠላሳ አንዱንም አስፈቅደዋል። ሁለቱ ተፋተዋል፤ «እሱ የእኔ ክፍል አይደለም» ይላሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሕንፃው መሰብሰቢያ ክፍል ተቀመጥን። ሚስ ፓትሪስ ስልኳን ሰዓት አድርጋ ያዘች። ጸዮን ጀመረች። ፕሮፌሰሯን አመሰገነች። የላቦራቶሪ ሠራተኛውን አመሰገነች። አብረዋት የሚሠሩትን በየስማቸው አመሰገነች። ከዚያ የፓርኪንጉን በር ስለ ከፈትኩላት እኔን። ለእኔ ብቻ ሁለት ደቂቃ ሰጠችኝ፤ ደስ አለኝ። ሰዓቱ አለቀ።

«ጸዮን» አለች ሚስ ፓትሪስ፣ «በሩን የከፈተውን ሰው አውቄዋለሁ። መሣሪያውን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ግን ያን ያህል እንኳ አይደለም።»

«ያን ያህል ካልሆነ ሦስት ዓመት ለምን ይስጡሽ?»

«ሰው እንዴት አፉን ሞልቶ ራሱን ያመሰግናል? እናቴ ብትሰማኝ መሬት ትገባለች።»

ሚስ ፓትሪስ ወደ እኔ ዞረች። «እናቷ የት ናቸው?»

«ደብረ ማርቆስ።»

«ታዲያ አይሰሙም» አለች። የእኛን እናቶች አታውቅም።

እንግሊዝኛ ሲፈጥን የሚያመልጣቸው አቶ ገብረክርስቶስ፣ «ምን ተባባሉ?» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው።

«ልጅቷ ልክ ናት» አሉ። «ራሱን የሚያወድስ ሙሽራ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌ የሚላከው ለምን ሆነና! ገረመው፣ እስቲ ጠይቃት፤ ሦስት ሆነን ብንሄድላትስ?»

ጠየቅኳት። ሚስ ፓትሪስ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለ ደንብ እንደሌለው በአክብሮት አስረዳች።

«ጉድ ነው። ትምህርት ቤት ተብዬው» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። በትራቸውን ትንሽ አሽከረከሩት። «እንግዲያው አንቺው ሽማግሌ ሁኚ።»

«ለማን፣ አባባ?»

«ለመሣሪያሽ ነዋ። እሷ አፍ የላትም። አንቺ ለእሷ ተልከሽ ነው የምትሄጂው። ስለ አንቺ ማን ጠየቀ?»

ጸዮን «ምን ብዬ ልናገር?» አለች።

«እንደ ወጉ። የማን ልጅ ናት? የት አደገች? ሙያዋ ምንድን ነው? ምስክሯ ማነው? ጉድለቷስ?»

«ጉድለቷንም ልናገር እንዴ?»

«ጉድለት የደበቀ ሽማግሌ ሁለተኛ በር አይከፈትለትም። ቀድመሽ አንቺው ንገሪያቸው፤ የቀረውን ያምኑሻል።»

«ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሲደርስ ዝም ትላለች።»

«እኔም ዝም እላለሁ» አሉ። «ንገሪያቸው። አሁን መልሺልኝ፤ ማን ወለዳት?»

«እኔ ነኛ!» አለች ጸዮን።

ከኋላው «ያን ያህል» የሚል ነገር እስኪመጣ ጠበቅን። አልመጣም። እየተረጎምኩላት ማስታወሻ ትይዝ የነበረችው ሚስ ፓትሪስ መጻፏን አቆመች።

«ወላጅና ሽማግሌ አንድ ሰው ሲሆን የመጀመሪያዬ ነው» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። «ሰው ባጠረበት አገር ምን ይደረጋል።»

የኢንተርቪው ዕለት ጠዋት በእኔ መኪና ሄድን። አቶ ገብረክርስቶስ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው ነበር፤ ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም ብለው ነው የመጡት። ኮሪደሩ ላይ ያለችው ጸሐፊ ማን እንደሆንን ጠየቀችን። «የሴት ልጅ ወገን ነን» አልኳት። ቡና ሰጠችን።

የክፍሉ በር መስታወት ነው። አምስት ሰዎች ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ። መሐል ላይ ያሉት ሴትዮ ወንበሩን አሳዩዋት። ጸዮን ራሷን ነቀነቀች። እንደገና አሳዩዋት። እንደገና ነቀነቀች።

«ምን ሆነች?» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ፤ ዓይናቸው ሩቅ አያይም።

«አልቀመጥም አለች።»

ሰውዬው በበትራቸው መሬቱን መቱ። ሽማግሌ ሰው ቤት ሲገባ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ይህን የማያውቅ የለም። «ይሄን እኔ አላስተማርኳትም!» አሉ። «ረስቼው ነበር እኮ!»

ጥግ ላይ ታዛቢ ሆና ውስጥ የነበረችው ሚስ ፓትሪስ ኋላ እንደ ነገረችን፣ ጸዮን «ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም» ስትል አምስቱም ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለዋል። የመሣሪያዋን ጉድለት በሁለተኛው ደቂቃ ተናገረች፤ ሦስቱ ዓመት የሚያስፈልገኝ ይህንኑ ለማዳን ነው አለች። ምሰሶ አሥራ አራትን ምስክር ጠራች። አንዱ ሽማግሌ ፕሮፌሰር «ይህን ማን ሠራው?» ሲሏት «እኔ» ብቻ አለች። ከዚያ ተቀመጠች።

ስትወጣ ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን አሉሽ?»

«ተማክረን እናሳውቅሻለን አሉኝ። አለቀልኝ፣ ጋሼ።»

«ተማክረን አሉሽ?» አቶ ገብረክርስቶስ ግንባሯን ሳሟት። «ልጄ፣ ሃያ ዘጠኙ ቤት ‹ዘመድ እናማክር› ነው ያለኝ። በዚያው ቀን እሺ ያሉኝ ሁለት ናቸው። የተፋቱትም እነሱ ናቸው።»

ጸዮን ኮሪደሩ ላይ ሳቀች። ጸሐፊዋም ሳቀች፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

ዐሥራ ሁለት ቀን ጠበቅን። አቶ ገብረክርስቶስ በየቀኑ እየደወሉ «ገና ነው፣ ጨዋ ቤት ነው» ይሉኝ ነበር። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ጨው እየጠረግኩ ሳለ የደረጃው በር ተበርግዶ ጸዮን ገባች። ሊፍቱ ስለ ቆመ አሥራ አንድ ፎቅ በሩጫ ወርዳለች። ልትቆጣኝ መስሎኝ መጥረጊያዬን እንደ ጋሻ ያዝኩ። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ያንብቡት፣ ጋሼ! እኔ ሦስቴ አነበብኩት፤ አላመንኩትም።»

አነበብኩት። ሰጥተዋታል።

እዚያው ምሰሶ አሥራ አራት ሥር እልልታዋን አቀለጠችው። የምድር ቤት እልልታ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። የአንድ ቶዮታ አላርም ጮኸ፣ ቀጥሎ ሌላው። ባለመኪኖቹ ደወሉልኝ። ሰርግ ነው አልኳቸው።

አቶ ገብረክርስቶስን ሄደን ነገርናቸው። «ሠላሳ ሁለት» አሉና ጸዮንን ቀና ብለው አዩዋት። «በይ እንግዲህ ተቀመጪ።»

ሻይ እየጠጣን ሳለ ሚስ ፓትሪስ ደወለች። ጸዮንን እንኳን ደስ አለሽ ብላ ጨርሳ እኔን ፈለገችኝ። አንድ ኬንጂ የሚባል ከጃፓን የመጣ የፊዚክስ ልጅ አለ፤ ስለ ራሱ ተናገር ሲሉት ላብ ያጠምቀዋል፤ እኚያ አዛውንት ሐሙስ ይመቻቸው ይሆን?

ተረጎምኩላቸው። አቶ ገብረክርስቶስ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።