ካሜራማኑ ሳይበላ
ባዩ ሃያ ዓመት ሙሉ የኦክላንድን የሐበሻ ሠርግ ሲቀርጽ ኖሯል። ልጁ ሶልያና ከሠርግ ካሴቶቹ ቆራርጣ የሠራችው አጭር ፊልም ሳን ሆዜ ላይ በኮሪያ ፊልም ፌስቲቫል የተማሪዎች ውድድር ስለገባላት፣ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያያል።

ስክሪኑ ላይ ያኔ ሸንቃጣ የነበሩ ሚዜዎች፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ እናቶች በየተራ ብቅ ይላሉ። ሁሉም ወደ ካሜራው ጉርሻ እየዘረጉ፣ «ኧረ ካሜራማን፣ ብላ እንጂ!» ይላሉ። ከካሜራው ጀርባ አንድ ቀጭን የጎረምሳ ድምፅ፣ «እሺ፣ በኋላ» ይመልሳል። በየሠርጉ፣ «እሺ፣ በኋላ»። ባዩ ያን ድምፁን ረስቶት ኖሯል።

ፊልሙ ሁለተኛ ወጣ። ከሽልማቱ በኋላ በነበረው ግብዣ ላይ ሶልያና ከኮሪያኖቹ ጥቅል ሩዝ አንዱን አንስታ አፉ ላይ ደቀነችለት።

«አባዬ፣ ናው፣ አሁኑኑ ብላ!»

ባዩ ስልኩን ደግኖ እየቀረጻት፣ «እሺ፣ በኋላ» አላት።