ወይዘሮ ወሰንየለሽ ማጎ የገቡ ዕለት

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ጂንካ የመጡት በሙሽርነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር እህታቸው ከደብረ ብርሃን ትደውላለች። ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ቀጥላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንበሳው እንዴት ነው?»

እህትየዋ ጂንካ ማለት አንበሳ በየደጃፉ ተኝቶ የሚያዛጋበት አገር ይመስላታል። ወይዘሮ ወሰንየለሽ መጀመሪያ «ደህና ነው» ብለው ያልፉ ነበር። አንድ ዓመት ግን አፋቸውን አዳለጣቸውና «ሌሊቱን ግቢያችን ሲያገሳ አደረ» አሉ። በሚቀጥለው ፋሲካ አንበሳው ሴት ሆና ወለደች። ዘንድሮ ለገና እህትየዋ ስትደውል የደቦሎቹን ስም ጠየቀች።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ስልኩን ዘግተው በቀጥታ ወደ ባላቸው ሱቅ ሄዱ። አቶ ወልደሰማያት ስኳርና ዘይት በጅምላ ያከፋፍላሉ። ሱቃቸውን የሚዘጉት ለቀብር ብቻ ነው፤ ያውም ሟቹ የቅርብ ሰው ከሆነ።

«ስማኝ ወልዴ። በጥምቀት ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ከቦ አውሬ ንገሪን ይለኛል። ከእንግዲህ አልዋሽም። ከመሄዴ በፊት አንድ አውሬ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

«ዝንጀሮ መንገድ ዳር ሞልቶልሽ የለም እንዴ?»

«ዝንጀሮ አውሬ አይደለም፤ ሌባ ነው።»

«እንግዲያው ወደ አሪ ደጋ እንውጣ። ነፋሻ ነው፣ ገብስ አለ፣ ቁርጥ አገራችንን ነው የሚመስለው።»

«አገራችንንማ ሄጄ አየው የለም እንዴ! እኔ ያልኩህ አውሬ ነው።»

አቶ ወልደሰማያት በጣም ካሰቡ በኋላ «ይሁን፤ ጠዋት አውሬ፣ ከሰዓት ደጋ» ብለው ፈረዱ።

በገና ማግስት ጎረቤታቸው ሶፊያን ላንድክሩዘሩን አስነሥቶ መጣ። ሶፊያን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ሱአድና ወይዘሮ ወሰንየለሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአጥር እየተጠራሩ የሚውሉ ወዳጆች ናቸው። ሽርሽር ያለ ሥጋ አይሆንም፤ የአንዱ እርድ ደግሞ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ፍየል ተገዛ፤ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ጢማም ናቸው። የሶፊያን ፍየል እንዲለይ አረንጓዴ ገመድ ታሰረለትና ሁለቱም ከኋላ ተጫኑ።

የማጎ ፓርክ በር ላይ ኪያ የሚባል ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ተቀበላቸው። እንግዶችን ይዞ የሚገባው እሱ ነው። መኪናውን ዞሮ ዞሮ ከኋላው መስኮት ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምሳችን ነው» አሉ አቶ ወልደሰማያት።

ከኋላ አንዱ ፍየል ጮኸ።

«ምሳችሁ ይጣራል» አለ ኪያ። «የቤት እንስሳ ፓርክ ውስጥ አይገባም። ክልክል ነው።»

«ልናሰማራው እኮ አይደለም። ልንበላው ነው።»

«የሚበላም አይገባም። እዚህ ግራር ላይ እሰሩት። ግን ነብር ቢመጣ እኔ የለሁበትም።»

የአቶ ወልደሰማያት ፊት በአንድ ጊዜ በራ። «በቃ! የእግዜር ፈቃድ አይደለም ማለት ነው። መኪናውን አዙረው ሶፊ፤ ወደ ደጋ!»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከመኪናው ወረዱ። ሁለቱን ፍየሎች አውርደው ገመዶቹን በባላቸው እጅ ላይ አስቀመጡ። «ወልዴ፣ አንተ ጠብቅ» ብለው ተመልሰው ገቡ።

ሶፊያን በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ጋሼ ወልዴ፣ አደራ! የእኔ ባለ አረንጓዴው ነው። ነብር ከመጣ የእርስዎን ያስቀድሙለት።»

«ነብሩን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብዬ ልጠይቀው?»

መኪናው አቧራ አልብሷቸው ሄደ።

ፓርኩ ውስጥ መጀመሪያ የተቀበላቸው የገንዲ ዝንብ ነበር። በልብስ ላይ ይናደፋል፤ ቢመቱት አይሞትም። መስኮት ሲዘጉ ሙቀቱ፣ ሲከፍቱ ዝንቡ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ዓይናቸውን ብቻ አስቀሩ።

«አጋዘን!» አለ ኪያ ከፊት ሆኖ።

«የታለ?»

«እዚያ፣ ከግራሩ ሥር።»

«ግራሩ የትኛው ነው? ሁሉም ግራር ነው እኮ!»

«ያ የተጣመመው።»

«ሁሉም ተጣሟል!»

«በቃ ሄደ» አለ ኪያ።

«እኔ አየሁት፤ ቀንዱ ሲያምር!» አለች ሱአድ። ስልኳን እንደ መስተዋት ከፊቷ አንሥታ በመስኮቱ እየቀረጸች ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ጥንቸል የምታህል ሚዳቋ ታየች፤ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ሲዞሩ የለችም። ቀጥሎ ከርከሮ አለፈ ተባለ፤ እሳቸው ያዩት አቧራውን ነው። ሱአድ አዘነችላቸው።

«እትዬ ወሰኔ፣ አየሁ በይ በቃ። ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ አውቅብኛለሁ።»

ፀሐይ እየከረረች ስትሄድ ኪያ እንዲመለሱ አዘዘ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ በነጠላው ውስጥ አኩርፈው እንደነበር በትንፋሻቸው ያስታውቃል።

አንድ መታጠፊያ ላይ ሶፊያን ፍሬን ያዘ። አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

እዚህ ላይ ስለ ጂንካ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ መሀል ከተማ ነው። ሣሩን ሲግጡ የሚውሉት ከብቶች ጠግበው መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ጥሩንባ አይሰሙም። ከመንገድ የሚያስነሣቸው ሰው ወርዶ ሲያጨበጭብና ባለቤታቸውን ሲሰድብ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ከሰፈሩ ወይዘሮ ወሰንየለሽን የሚያህል የለም።

ኪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» ሲል የኋላው በር ተከፍቶ ነበር።

«ፍየሌን ከልክሎ በሬ ያስገባል!» ብለው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ወረዱ። «ሕግ ለእኛ ብቻ ነው?»

«እትዬ!» አለች ሱአድ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ እጃቸውን እያጨበጨቡ በመሀል መንገድ ሄዱ። «ሂድ! ሂድ ከዚህ! ባለቤት የለህም አንተ? አሳዳጊ የበደለህ!»

ጥቁሩ ነገር ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አያቸው።

«ምን ታፈጣለህ? ወግድ ብዬሃለሁ!» ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውልቀው አወናጨፉበት።

እንስሳው በአፍንጫው ተነፈሰ። አንድ እግሩን ወደ ፊት አደረገ፤ መለሰው። በዕድሜው እንዲህ ተብሎ የሚያውቅ አይመስልም። ከዚያ ዞሮ ቁጥቋጦውን እየሰባበረ ጠፋ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ተመልሰው በሩን ደረገሙት። «የማን በሬ ነው ኪያ? ንገረኝ፤ ዘመድህ ነው አይደል?»

ሶፊያን መሪውን በሁለት እጁ እንዳነቀ ቀርቷል። ሱአድ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«እናቴ» አለ ኪያ ቀስ ብሎ፣ «እሱ በሬ አይደለም።»

«ላም ናት?»

«ጎሽ ነው።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ወደ ቁጥቋጦው ዞሩ። አቧራ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ የመኪናውን ወንበር በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አላየሁትም!»

«እንዴት አላየሽም?» አለ ሶፊያን ትንፋሹ መለስ ሲልለት። «ልትስሚው እኮ ምንም አልቀረሽም!»

«እኔ ያየሁት በሬ ነው። ጎሽ መሆኑን ባውቅ ዓይኔን እጨፍን ነበር። አሁን ደብረ ብርሃን ሄጄ ጎሽ አየሁ ብል ውሸት ነው። ተመለስ ሶፊ፣ በደንብ ልየው።»

«ወላሂ አልመለስም!»

«ግድ የለሽም እናቴ» አለ ኪያ። «አንቺ ባታይውም እሱ አይቶሻል። ለዘመዶቹ ይናገራል።»

በሩ ላይ ሲደርሱ አቶ ወልደሰማያት ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ፍየሎች በእጃቸው ናቸው። አረንጓዴው ገመድ ግን የለም።

«በሉት» አሉ አቶ ወልደሰማያት። «ተባብረው ነው የበሉት።»

«የእኔ የትኛው ነው ታዲያ?» አለ ሶፊያን።

«እኔ ምን አውቄ! ገና አልታረዱም፤ እስኪታረዱ ሁለቱም ፍየል ናቸው። አንዱን ያዝ።» ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «እሺ፣ ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«አላልኩም!»

ሶፊያንና ሱአድ እየተሻሙ የሆነውን ነገሯቸው። አቶ ወልደሰማያት ሰምተው ሰምተው ሳቁ። «ወሰኔ? በረሮ ስታይ አልጋ ላይ የምትወጣዋ ወሰኔ? ዝንቡ ጭንቅላታችሁን ነድፏችኋል።»

ወደ ጂንካ ተመልሰው በዚያው ወደ አሪ ደጋ ወጡ። እዚያ እውነትም ነፋሻ ነው። ጉም ከተራራው ወርዶ እንሰቱን ይነካካል። አቶ ወልደሰማያት ጋቢያቸውን ደርበው «ይኼ ነው ሽርሽር!» አሉ። ሁለቱ ባሎች በየአቅጣጫው ዞረው የየራሳቸውን አረዱ፤ ሁለት እሳት ነደደ፤ ሁለት ድስት ተጣደ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ በሁለቱ እሳቶች መካከል አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ጥምቀት እየመጣ ነው፤ በእጃቸው ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው።

ሱአድ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ ድንገት ጮኸች። «እትዬ ወሰኔ! ተቀርጿል! መቅረጹን ማጥፋት ረስቼ ነበር!»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ስልኩን ተቀበሉ። መጀመሪያ የመኪናው ጣሪያ ታየ፤ ከዚያ መንገዱ፤ ከዚያ ጎሹ። ቀንዱ ግንባሩ ላይ ገጥሞ እንደ ራስ ቁር ጭንቅላቱን ሸፍኖታል። አንገቱ የሱቅ በር ያህላል። ከዚያ ከምስሉ ጥግ አንዲት ባለ ነጠላ ሴት እያጨበጨበች ገባች።

«አንቺ!» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ስልኩን እየነቀነቁ። «አንቺ ሴትዮ! ተመለሺ! ምን ነካት ይቺ? ኧረ ያዟት! ኧረ ባል የላትም?»

ሴትየዋ ግን ወደ ፊት ሄደች። ነጠላዋን ስታወናጭፍ ወይዘሮ ወሰንየለሽ «እመ ብርሃን!» ብለው ስልኩን ወረወሩና የባላቸው ጋቢ ውስጥ ገቡ።

አቶ ወልደሰማያት ስልኩን ከሣሩ ላይ አንሥተው እስከ መጨረሻው አዩ። እንደገና አዩ። ሳቃቸው የት እንደገባ አይታወቅም።

«ይኼ እኮ ጎሽ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ከጋቢው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ወጣ። «አየሁት፤ አሁን በዓይኔ አየሁት። ግን ጎሹን ተወው ወልዴ፤ ሴትየዋን አየሃት?»

«አየኋት» አሉ አቶ ወልደሰማያት፤ ከሚስታቸውም ትንሽ ራቅ አሉ።