የከብት ክትባቱ ዜማ

ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ላይ የመካነ ሰላም ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በመሬት አዋጁ አይደለም፤ በአሻግሬ ነው። ግማሹ «አሻግሬ ድሮ ቀረ» ይላል፤ ግማሹ «ያው ነው» ይላል።

አሻግሬ ማሲንቆ መቺ ነው። ስሙ የገነነው ግን ሠርግ ቤት ሳይሆን ሲኒማ ላይ ነበር። በስልሳ ስድስት፣ ክፉ ቀኑ ገና ሳይለቅ፣ ሲኒማ የሚያሳይ መኪና ከደሴ መጥቶ ገበያው መሐል ቆመ። ያመጣው ፊልም ስለ ከብት ክትባት ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ድምፁ ተበላሽቶ ኖሮ ፊልሙ ዲዳ ሆኖ ቀረ። ሹፌሩ ግራ ቢገባው «ዘፋኝ የላችሁም?» አለ፤ ሰው አሻግሬን እየገፋ አወጣው። አሻግሬም ሸራው ላይ በሬ በመርፌ ሲወጋ እያየ ማሲንቆውን መታ። አገር በሙሉ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ድምፁን የሚጠግን ስላልተገኘ፣ ከዚያ ወዲህ መኪናው በመጣ ቁጥር የፊልሙን ዜማ የሚያወጣው አሻግሬ ሆነ። ለእርከን ሥራው ፊልም ዜማ አወጣ፤ ለገበሬ ማኅበሩም አወጣ። አንድም ሰው ግን አላለቀሰም።

«የድሮው አሻግሬ እጁን አንጀትህ ውስጥ ይከታል» አለ ጨርቅ ነጋዴው ጀብሪል፣ አሰጋሽ ሻይ ቤት ተቀምጦ። «ያሁኑ ትከሻህን መታ አድርጎህ ያልፋል። ወላሂ፣ ሌላ ሰው ነው!»

«እርከን ላይ ምን ብሎ ያስለቅስህ?» አለች አሰጋሽ ብርጭቆ እያለቀለቀች። «ድንጋይ ተደረደረ ብሎ?»

«ክትባትስ ምን የሚያስለቅስ ነገር አለው፣ እትዬ? ጥበብ ማለት እኮ እሱ ነው!»

«አንተ ሻይህን ጠጣ። ስኳሩም ድሮ ቀረ እንዳትለኝ ብቻ።»

«እሱማ በእውነት ቀርቷል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጀብሪል ግን አልለቀቀም፤ ጥግ ወደተቀመጠው ወደ ፈንታሁን ዞረ። «ጋሽ ፈንታሁን፣ እርስዎ ይፍረዱ። በዚህ አገር ከእርስዎ በላይ ሰሚ የለም።»

ፈንታሁን የወፍጮ ቤቱ ሰው ነው። ያስተማረው የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ማሕሌት፣ ከመስጊድ አጥር ውጭ ቆሞ መንዙማ ሲሰማ ነው ጆሮው የተሳለው። አሁንም ሻዩን አማሰለና «እስቲ እግዜር ያሳየን» አለ። ሰው እንደ ትሕትና ቆጠረለት። እውነቱ ግን ፈርቶ ነው። እሱም የድሮው ዜማ ጠፍቶበታል፤ የጠፋው ከአሻግሬ ይሁን ከራሱ ጆሮ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሞተር አጠገብ የሚውል ሰው ጆሮ ምኑ ይታመናል?

በማግሥቱ አሻግሬ ራሱ ገብስ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መጣ። በአዋጁ መሬት ደርሶት የራሱን እህል ሲያስፈጭ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ወደ ፈንታሁን ጆሮ ተጠግቶ ጮኸ።

«ልተወው ነው!»

«ምኑን?» ጮኸ ፈንታሁን።

«ማሲንቆውን!»

ሞተሩ የጠፋው በዚህች ቅጽበት ነበርና ቃሉ ቤቱን ሁሉ ሞላው። ወረፋ የያዙት ሴቶች በአንድ ፊት ዞሩ። አሻግሬ በእፍረት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሚሉትን ሰምቻለሁ ጋሼ። ቅዳሜ መኪናው ይመጣል። እርስዎ ሰምተው ይንገሩኝ። የድሮው የለህም ካሉኝ ማሲንቆዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እርሻዬን እይዛለሁ። ደግሞ እንዳይዋሹኝ።»

ፈንታሁን ማታ ከጸሎቱ መጨረሻ ላይ አንዲት ልመና ጨመረ፤ «ጌታዬ፣ ወይ ጆሮዬን ክፈትልኝ፣ ወይ አፌን ዝጋልኝ።» አሻግሬ ማሲንቆውን ከተወ፣ ቅዳሜ ማታም ፈንታሁን ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ያው የወፍጮው ሞተር ብቻ ነው።

ቅዳሜ ፀሐይ እንደጠለቀች ሸራው ተወጠረ። የወረዳው ካድሬ የድምፅ ማጉያውን አነሣ። «ጓዶች! አዲሱ ፊልም ወግዲ ከተማ ተረስቶ ቀርቷል። ስለዚህ የቆየውን የከብት ክትባት እናያለን!»

ጀብሪል ከመቀመጫው ተነሣ። «አልሐምዱሊላህ! አሁን ልዩነቱን በጆሯችሁ ትሰማላችሁ!» ብሎ ከሱቁ የቀደደውን የነጠላ ግማሽ የሚያህል መሐረብ ጭኑ ላይ ዘረጋ።

አሻግሬ ቀስቱን አንሥቶ ጀመረ። ፈንታሁን ዓይኑን ጨፍኖ ተከተለው። ያው ነው። ዜማዋ ወርዳ ወርዳ ልትመለስ ስትል የምትዘገይባት ቦታ እንኳ አለች። ጆሮው ደኅና ነው ማለት ነው፤ «ተመስገን» አለ በሆዱ። ከዚያ እንባውን ጠበቀ። አልመጣም። ዓይኑን ገልጦ ጀብሪልን ቢያየው፣ መሐረቡን ይዞ ማስነጠስ አቅቶት እንደሚታገል ሰው ፊቱን አጨማዷል።

በዚህ ጊዜ ሸራው ላይ ቀዩ በሬ ብቅ አለ።

«ውይ ቀንዱ!» አለ ገበሬው ቸኮል ከፊት መደዳ። «ቁርጥ የኔን ወይፈን!»

«ያንተው ገና ጥጃ ነው!» አለው አንዱ ከኋላ።

«ማን? ዘንድሮ ይጠመዳል!»

ሳቅ ሆነ። አንዱ ስለ ላሙ፣ ሌላው ስለ ጊደሩ ያወራ ጀመር፤ አንዲት ሴትዮ ከተቀመጠችበት ሆና ከታቢው መቼ እንደሚመጣ ካድሬውን ጠየቀች። ፈንታሁን ቸኮልን አተኩሮ አየው። በስልሳ ስድስትም እዚያችው ቦታ ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ «ወየው በሬዎቼን!» ብሎ የጮኸው እሱ ነው፤ ሌላው እሱን ተከትሎ ነው ያለቀሰው።

ፊልሙ አለቀ። «አያችሁ!» አለ ጀብሪል ደረቁን መሐረብ እያውለበለበ። «አሮጌውም የድሮውን አይመስልም!»

«መሐረብ አዘጋጅቶ የሚመጣ አልቃሽ ምን ይሰማል!» አለች አሰጋሽ።

አሻግሬ ቀጥ ብሎ ወደ ፈንታሁን መጣ። «ይንገሩኝ።»

«አንዲት ነገር አልጎደለችም።»

«ታዲያ ለምን አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰም?»

ፈንታሁን የወይፈኑን ቀንድ በክንዱ እየለካ ለሰው ወደሚያሳየው ወደ ቸኮል ጠቆመ። «ያን ጊዜ እሱ ሁለቱንም በሬዎቹን አጥቶ ነበር የመጣው። የኔም ወፍጮ የሚፈጭ አጥቶ ሸረሪት አድርቶበት ነበር። ያ ቀን ይመለስልህ ልበልህ?»

«ኧረ አያምጣው!» አለ አሻግሬ ደንግጦ። ቀስቱን አገላብጦ አየው። «ታዲያ ለማያለቅስ ሰው ምን ልምታ?»

ቸኮል ሰምቶ ኖሮ «ስለ ወይፈኔ ነዋ! ተቀበል!» አለና ግጥሙን ወረወረ፤

«ወይፈኔ ቀንድ አወጣ፣ ጫንቃው ደነደነ፣
ሥራ ፈት ቀንበሬም ባለ ጌታ ሆነ።»

«ባለ ጌታ የሚባል ነገር ቀርቷል፣ ጓድ!» አለ ካድሬው።

«ቀንበሩን ነው ያልኩት፣ ጓድ!»

አሻግሬ ግጥሙን ተቀበለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ካድሬው ሰዓት እላፊ ደረሰ እያለ እስኪበትናቸው ድረስ ጨዋታው አልቆመም።

«ይሄ ደግሞ ጭራሽ የሱ አይደለም» አለ ጀብሪል ወደ ቤቱ ሲገባ።

ሰኞ ጀብሪል ጤፉን ይዞ ወፍጮ ቤት ተሰለፈ። ፈንታሁን እህሉን ሊያፈስ ጎንበስ ሲል በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት ውስጥ የወይፈኑን ዜማ ሰማ። ቀና ብሎ አየ፤ ጀብሪል ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያንጎራጉረው። ፈንታሁን መስማቱን ጀብሪል እንዳያውቅበት ብሎ ጤፉን ቀስ እያለ አፈሰሰው።