መስማት የተሳነው ዘበኛ

ያንን ሽማግሌ ውሻ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ጎረቤታችን የነበረው አናጢ ቤት ሲቀይር የተሰበረ ወንበር እንኳ ሳይቀረው ጫነ፤ ውሻውን ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከነሰንሰለቱ ትቶት ሄደ። ግራ ዓይኑ ጉም ለብሷል፣ የኋላ እግሩ አብጧል፣ ፀጉሩ ቦታ ቦታው ላይ ተመልጧል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጭራውን አንዴ መታ አደረገ። ሆዴ ባባ። የደንበኛ ሱሪ ስፌት መኪናዬ ላይ ትቼ ተሸክሜው ገባሁ።

ባለቤቴ «ወይ እሱ፣ ወይ እኔ!» አለች። ምሳ ሳይደርስ እግሩን በሞቀ ውሃ ስታጥብለት አገኘኋት።

የእንስሳት ሐኪሟ መገጣጠሚያው እንደታመመ ነግራን ክኒንና ቅባት ሰጠችን። ከኋላው አጨበጨበችና «ደግሞ አይሰማም» አለች። እኔ ስጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለኝ ንቆኝ መስሎኝ፣ ሁለት ቀን አኩርፌው ነበር።

ጉድ የፈላው አሮጊቷ አከራያችን ሲሰሙ ነው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» አሉ። «ይሄ በልቶ ዝም ነው። እስከ ቅዳሜ ሰው ሲመጣ ካልጮኸ ይውጣልኝ።»

ወጥቶ የት ይደርሳል? መኪና ቢመጣበት አይሰማ፣ በግራው ቢመጣበት አያይ። ስለዚህ ባለቤቴ ጮኸችለት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከመጋረጃው ኋላ ሆና ጩኸቱን ትለቀዋለች። ስንት ዓመት እኔ ላይ የተለማመደችው ለካ ለዚህ ኖሯል! ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መዝገቡን ጥሎ ሮጠ። ውሻው እግሯ ሥር ያንኮራፋል።

ቅዳሜ ጠዋት ጉንፋን ያዛትና ድምጿ ጭራሽ ተዘጋ። ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ፤ አከራያችን ናቸው። ባለቤቴ በጣቷ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መሬቱን አሳየችኝ። ምን ላድርግ? ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ከውሃው በርሜል ኋላ ተንበረከክሁ፤ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጮኽሁ።

ሴትዮዋ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ገብተው ኖሮ፣ ቀና ስል አጠገቤ ቆመዋል።

«ክትባት ወስደሃል?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ውሻው አይሰማም። ከወጣ ይሞትብናል ብለን ነው።»

ወደ ውሻው ሄዱ። ገና መንቃቱ ነው፤ ሊነሣ ይሞክራል፣ ፊቱ ሲቆም ኋላው ይወድቃል። እሳቸውም ሊያዩት ጎንበስ ሲሉ ጉልበታቸው ያዛቸውና ግድግዳውን ተደገፉ። እንደዚያው እንዳሉ ሁለቱ ተያዩ።

«ያረጀ ሁሉ ይውጣ ከተባለማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔስ የት ልገባ ነው? ተዉት፣ ይኑር።»

ባለቤቴ ከመጋረጃው ኋላ በተዘጋ ድምጿ አሳለች። እንባዬን ልደብቅ ዞር ስል ጠሩኝ።

«አንተ ግን» አሉ፣ «ሚስትህ እስኪሻላት ዝም በል። ግቢዬን ታሰድበዋለህ።»