ኮርሳውና ቀንዳሟ

ወልደአረጋይ ሰው አያምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ የወለደችው እናቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ራሷ ትናገረዋለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ይሠራል። ደህና አደርክ ያለውን ሰው እንኳ «ዛሬ ምን ፈልጎ ነው?» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለው ይውላል። ደግሞም አይፈረድበትም። ጊዜው 1981 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር ሲያወራ እንኳ በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ያን ሰሞን ደግሞ ጭንቁ ሌላ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና አዲስ ዙር ሊወጣ ነው፤ ቀበሌው የሱን ስም ከላይ እንዳሰፈረው እናቱ ቦኖ ውሃ ላይ ሰምታ መጥታለች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ለሱ ያለችው መውጫ አንዲት ብቻ ናት። እሑድ የብስክሌት ውድድር አለ፤ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ መዘዞ ደርሶ መልስ። አንደኛ የወጣ የክፍለ ሀገሩ ቡድን ውስጥ ይገባል፤ ቡድን ውስጥ የገባ ደግሞ ከዙሩ ይቀራል። ሁለተኛ ለወጣ ጭብጨባ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ፋብሪካው ሁለት ብስክሌት ነበረው። አንዱ ኮርሳ ነው፤ መሪው ወደ ታች የተቆለመመ፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የእሽቅድምድም ብስክሌት። ሁለተኛዋን ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው ትቷት የሄደው። መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ፊት የወጣ ነው፤ መሐሉ ላይ ክርን ማሳረፊያ አለው። የሚነዳት ሰው ተደፍቶ፣ ሁለት እጁን እንደ ለማኝ ወደ ፊት ዘርግቶ ነው የሚሄደው። ቀንዳሟ ተባለች። መሐንዲሱ ሲያስረዳ፣ አገሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚዋኙ፣ ከዚያ እንዲህ ባለው ብስክሌት የሚጋልቡ፣ ከዚያ ደግሞ የሚሮጡ፣ ሁሉንም ባንድ ቀን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ አለ። ፋብሪካው ውስጥ ይህን ያመነ የለም። በረሳ ወንዝ ውስጥ ዋኝቶ፣ ከነእርጥቡ ብስክሌት ላይ የሚወጣ ጤነኛ ሰው ማን አይቷል?

ለውድድሩ ከፋብሪካው የተመረጡት ወልደአረጋይና በሽር ናቸው። በሽር የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ነጋዴ ነው፤ እሱ ግን ደጋ ወጥቶ ፋብሪካ ገባ። ሠላሳን ካለፈ ቆይቷል፤ ውትድርናው አይመለከተውም። ታናሽ ወንድሙ ረሺድ ግን ባለፈው ዙር ተወስዶ፣ እስካሁን ይኑር ይሙት ወሬው የለም። ከዚያ ወዲህ በሽር ጨዋታ ቀንሷል።

የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ገብረአብ ሁለቱን ብስክሌቶች ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ተነጋግራችሁ ተካፈሉ ብሏቸው ሄደ። በሽር ወዲያው አንተ ምረጥ አለው። ወልደአረጋይ እዚያው ላይ ጠረጠረ። ታላቁ እያለ ታናሽ ቀድሞ የሚመርጠው በየት አገር ነው?

«አንተ ብትሆን የቱን ትወስዳለህ፣ ጋሼ በሽር?» ሲል ጠየቀው።

«ኮርሳውን። እኔን ከሰማኸኝ ኮርሳውን ያዝ።»

ምክንያቱንም በደንብ አስረዳው። ቀንዳሟ የተሠራችው ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ብቻውን ለሚጋልብ ሰው ነው። ክርንህን አሳርፈህ ስትሄድ ፍሬኑ ከእጅህ ይርቃል። የመዘዞ መንገድ ደግሞ ቁልቁለትና መታጠፊያ ነው፤ ነፋሱም ከጎን ነው የሚመታው። ኮርሳው ወገብ ያሳምማል እንጂ አይከዳህም አለው።

ወልደአረጋይ አመስግኖት፣ ሦስት ቀን አስብበታለሁ ብሎ ሄደ። በልቡ ግን ተንኮሉን ያገኘው መሰለው፤ በሽር ቀንዳሟን ለራሱ ፈልጓታል። ሲተኛ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት። በሽር እንደማያምነው ያውቃል። ስለዚህ ኮርሳውን ውሰድ ያለው፣ ቀንዳሟን እንዲወስድና ገደል እንዲገባ ቢሆንስ? ወዲያው ደግሞ ተገለበጠበት፤ ይህን ሁሉ እንደሚያስብ አውቆ ቢሆንስ? ጭንቅላቱ ዞረ። ከሁሉ የከፋው ግን ስለ ረሺድ ያሰበው ነው። የገዛ ወንድሙ ተወስዶ ቀርቶ ሳለ፣ የሰው ልጅ ሲተርፍ ቆሞ ማየት ለበሽር ምን ደስታ ይሰጠዋል? «ወንድሜ ከሄደ እሱስ ለምን ይቀራል?» ብሎ ይሆናል። ይህቺ ሐሳብ ከገባችበት በኋላ አልወጣችም።

ለእናቱ ነገራት። እሷ ነገሩን አላከበደችውም። በሽር ጨዋ ሰው ነው፣ ያለህን ስማ አለችው። ባሏ በሞተ ጊዜ የበሽር ሚስት ሰሊሃ ሳምንቱን ሙሉ ማገዶ ስታመጣላት እንደነበር አስታወሰችው። እሱ ግን ይባስ ብሎ፣ እናቴን በማገዶ ገዝተዋታል እንዴ ብሎ አሰበ። እግዜር ይይለት!

በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ሞከራቸው። ኮርሳው እንደ ደንቡ ሄደ። ቀንዳሟን ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ሲለቃት ግን ዕንባው በነፋስ እስኪፈስ በረረች። በዕድሜው እንዲያ ሄዶ አያውቅም። ሲመለስ ወስኖ ጨርሷል፤ እንዲህ ያለችዋን ነው የሚከለክለኝ ብሎ ቀንዳሟን ወሰደ። በሽር አልተከራከረም፤ ትንሽ ቆሞ አየውና፣ እንግዲያው ቁልቁለቱ ላይ ክርንህን አንሳ ብሎት ኮርሳውን እየገፋ ሄደ። አለመከራከሩም አጠራጠረው።

እሑድ ተነሱ። ሲሄዱ በሽር ያለው ሁሉ ደረሰ። የጎን ነፋሱ ቀንዳሟን እንደ ሰከረ ሰው ከዳር ዳር ይወረውራት ጀመር። መዘዞ ሊደርሱ ሲሉ ያለው ቁልቁለት ላይ ወልደአረጋይ ፍሬኑን ፈልጎ እስኪይዝ ከመንገድ ወጥቶ፣ የገብስ ማሳ ውስጥ ወድቆ ተነሳ። ጉልበቱ ደማ። በሽርን የረገመው አነሰኝ ብሎ ራሱንም ረገመ። መልሱ ላይ ግን ነፋሱ ከኋላ ሆነ፤ መንገዱም ወደ ደብረ ብርሃን ሲቃረብ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ቀንዳሟ ሥራዋን አወቀች። ከፊቱ የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ እያለፈ መጣና፣ ከተማው መግቢያ ላይ ከፊቱ የቀረው በሽር ብቻ ሆነ።

ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሟል። አስፋልቱ ላይ በኖራ የተሰመረው መጨረሻ ይታያል። በሽር ግን መስመሩ ጋ ሲደርስ ፔዳሉን ተወ። ዘገየ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ዞሮ ወልደአረጋይን ጠበቀው።

«ቅደም» አለው።

ወልደአረጋይ ሁለት እጁን ፍሬኑ ላይ ጣለ፤ እሱም ቆመ። በጤናው ያሸነፈ ሰው የሚቆመው ለምንድን ነው? ዓይኑን ወደ ፊት ቢልክ፣ ከመስመሩ ወዲያ አንድ ላንድሮቨር ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ አጠገቡ ጠመንጃ የያዙ የቀበሌ ሰዎች አሉ። ሰዎች በሹክሹክታ የሚያወሩት ታወሰው፤ ኳስ ጨዋታ ብለው ወጣቱን ሰብስበው ከዚያው አፈሱት የሚባለው። ውድድሩ ራሱ ወጥመድ ነው ማለት ነው! በሽር ያውቃል፤ መጀመሪያ እሱን ሊያስገባው ነው።

«ኧረ አንተ ቅደም፣ ጋሼ በሽር። ታላቄ አይደለህ እንዴ?» አለ።

«ወላሂ አልቀድምህም። ግባ።»

«አንተ እያለህማ አይሆንም።»

«ወልዴ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ግባ!»

የሠርግ ቤት በር ላይ እንደሚገባበዙ ሽማግሌዎች፣ አንዱ ሲል ሌላው ሲመልስ፣ ሁለቱም ብስክሌታቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ጮኸ። ወይዘሮ አስካለማርያም ከሕዝቡ መሐል ነጠላዋን እያወናጨፈች ግባ እያለች ትለምነዋለች። የልጇ ዓይን ግን ላንድሮቨሩ ላይ ተተክሏል። በዚህ መሐል ገብረመንፈስቅዱስ የሚባል የሰላ ድንጋይ ልጅ፣ ዕቃ መጫኛ ባለው ከባድ ብስክሌት፣ አንገቱን ደፍቶ እያለከለከ መጣ። ማንንም አላየም። በመሐላቸው አልፎ መስመሩን ረገጠ።

የቀበሌው ሰዎች ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አጨበጨቡለት። ጓድ ገብረአብ አንገቱ ላይ አበባ አጠለቀለት፤ ላንድሮቨሩ ላይ አወጡትና፣ ወደ ክፍለ ሀገሩ ቡድን የሚወስደው መኪና ይኸው ነው ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ። ወይዘሮ አስካለማርያም ካለችበት ቁጭ አለች።

ወልደአረጋይ ቀንዳሟን አስፋልቱ ላይ ጣላት። ማልቀስ ፈለገ፣ አፈረ። በሽር ኮርሳውን ሳይለቅ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ረሺድን ሲወስዱት ቆሜ ነው ያየሁት» አለው በሽር። «ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አንተን እንኳ ላስቀር ብዬ ነበር።»

ወልደአረጋይ ፊቱን አተኩሮ አየው። እንደ ልማዱ አንድ ተንኮል ፈለገ፤ አላገኘም። ከመሸነፉ ይልቅ ይኼ አንጀቱን ቆረጠው።

«ታዲያ ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?» አለው።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ወልደአረጋይ ጎንበስ ብሎ ቀንዳሟን ከአስፋልቱ ላይ አነሳት። ከዚያ እውነቱን ተናገረ።

«አላምንህም ነበር።»